ሕፃኑ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ከኋላው ማን አለ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በየዓመቱ ታኅሣሥ 3 ቀን የምናከብረው የበዓታ ለማርያም በዓል የአንዲት የ3 ዓመት ሕፃን ታሪክ ነው። ኢያቄምና ሐና በስእለት ያገኟትን ልጃቸውን ወደ ቤተ መቅደስ ባመጧት ጊዜ ካህኑን ዘካርያስን ያስጨነቀው ነገር ምን እንደ ነበረ አባቶቻችን ነግረውናል። ምን እናስተምራት ብሎ አልተጨነቀም። የተጨነቀው ስለ ምግቧ ነበር። መልአኩ ፋኑኤልም ሰማያዊ ኅብስትና ሰማያዊ መጠጥ ይዞ ስለ ወረደ የካህኑ ጭንቀት ተፈታ። ይህን ታሪክ በማኅሌቱም በስብከቱም ሰምተነዋል። ሕፃን ከእናቱ እቅፍ ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ማን ይመግበዋል? ማን ይጠብቀዋል?» የሚል መሆኑን ግን ስንቶቻችን አስተውለነዋል?

ዛሬም በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በከተሞቻችን የ4 ዓመት ሕፃናት ቦርሳ አንግበው ወደ መዋዕለ ሕፃናት ይገባሉ። ሲመዘገቡ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፎቶግራፍና የክትባት ካርድ ይጠየቃሉ። በመመዝገቢያውም ቅጽ ላይ «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስም» የሚል መስመር አለ። በዚያ መስመር ላይ አንዳንዱ የአባቱን፣ አንዳንዱ የእናቱን፣ አንዳንዱም የአያቱን ወይም የአክስቱን ስም ያስጽፋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በዚያች አንድ መስመር ላይ የተመሠረተ ነው። በመስመሩ ላይ የተጻፈው ስም የሕፃኑን ጤና እንዴት ይነካል? እኛስ ወጣቶቹ በነገሩ ምን ድርሻ አለን?

በመጀመሪያ ሕፃኑ ምን ዓይነት ጤና ይዞ ነው በር ላይ የሚደርሰው ብለን እንጠይቅ። በሀገራችን በተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች በ1992 ዓ.ም. ከ5 ዓመት በታች ካሉት 100 ሕፃናት 58ቱ የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። ቁጥሩ በ2008 ዓ.ም. ወደ 38፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 37 ወርዷል። በሕይወት ከሚወለዱት 1000 ሕፃናት 5 ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992 ዓ.ም. 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 67 ሆኑ። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን በዚሁ በ2008 ዓ.ም. አንድ ዓመት ከሞላቸው 100 ሕፃናት መሠረታዊ ክትባታቸውን የጨረሱት 39 ብቻ ነበሩ።

መቀንጨርም በአንድ ወር የሚመጣ፣ በአንድ ወርም የሚጠፋ ነገር አይደለም። ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት ይሉታል፤ ይኸውም በእናቱ ማኅፀን ያለው ጊዜና ከተወለደ በኋላ ያሉት 2 ዓመታት ማለት ነው። የሕፃኑ አካልና አእምሮ በፍጥነት የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነውና ያን ጊዜ የጎደለውን በኋላ መሙላት እጅግ ያስቸግራል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በከተማው በጀት ሕፃናት ቁርስና ምሳ መመገባቸው የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ረሃባቸውን ያስታግሣል፤ ከትምህርትም እንዳይቀሩ ያደርጋል። ሆኖም ሕፃኑ በ4 ዓመቱ በር ላይ ሲደርስ 1000ው ቀን ካለፈ ቆይቷል። የቁመቱ ልክ የሚመሰክረው ገና ጡት ሲጠባ በቤቱ ስለ ነበረው ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ቤቱ እንግባ። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከ4 ቤቶች በ1ዱ የቤቱ ኃላፊ ሴት ነበረች። ባል የሞተባት፣ የተፋታች፣ ከመጀመሪያውም ብቻዋን የቀረች ትኖራለች። በኤችአይቪ ምክንያት ልጆቻቸውን ቀብረው የልጅ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አያቶችም በየሰፈራችን አሉ፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ስለ ሆነ ከዚያ በፊት ብዙ ቤት ፈርሷል። እናቱ ወደ ቤሩት፣ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ዱባይ ለሥራ ሄዳ ከዘመድ ጋር የቀረም ሕፃን አለ። የእንጀራ አባት ወይም የእንጀራ እናት ያለበት ቤትም አለ። አባትና እናት አብረው የሚኖሩበትም ቤት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁንም ብዙ ነው።

በእኛ ሀገር አንድ ክፉ ልማድ አለ። ልጁ ሲያጠፋ «ሴት ያሳደገው» ብሎ መስደብ። ይህን ቃል በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ እንኳ እንሰማዋለን። ወንድሞቼ ሆይ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ የመንፈስ ልጁን የጢሞቴዎስን እምነት ሲያስታውስ የጠቀሰው የማንን ስም ነው? የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን ስም ነው። ኤጲስ ቆጶሱ ጢሞቴዎስ በዚህ አነጋገር «ሴት ያሳደገው» ነው! ሙሴንም ያዳኑት እናቱ፣ እኅቱና የፈርዖን ልጅ ናቸው፤ ሦስት ሴቶች። ስለዚህ ብቻዋን የምታሳድግ እናት በእኛ ፊት አንገቷን እንድትደፋ የሚያደርግ አንዳች የመጽሐፍ ቃል የለንም።

ይሁን እንጂ የቤተሰቡ ሁኔታ ለሕፃኑ ጤና ምንም አይደለም ብንል ደግሞ እውነቱን መሸፈን ይሆንብናል። ሸክሙ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሲወድቅ ሕፃኑን የሚጎዳው በምን በምን መንገድ እንደ ሆነ በግልጽ እንየው።

አንደኛው መንገድ ጊዜ ነው። አንድ ሕፃን ክትባቱን እንዲጨርስ እንደ ተወለደ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ በ9 ወሩና በ15 ወሩ፣ በጠቅላላው 6 ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። አባትና እናት ባሉበት ቤት አንዱ ሥራ ሲሄድ አንዱ ይወስደዋል። በጉሊት ሽንኩርት የምትሸጥ ወይም በቀን ሥራ የምትተዳደር ብቸኛ እናት ግን ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የአንድ ቀን እንጀራ ትከፍላለች። የጤና ጣቢያው ክትባት በነጻ ነው፤ ለእርሷ ግን ነጻ አይደለም።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ ይመከራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባት ደግሞ 3 ቀን። ይህም ደመወዝ ላላት ሴት ነው። ቀጣሪ የሌላት የጉሊት ነጋዴ ከማን ፈቃድ ትጠይቃለች? ቤቷ ሌላ ገቢ ከሌለ በአራስነቷ ትነሣለች፤ ሕፃኑም ያለ ጊዜው የቀጠነ አጥሚት ወይም የላም ወተት በጡጦ ይጀምራል። ጡጦው በደንብ ካልተቀቀለ ተቅማጥ ይከተላል፤ ተቅማጡ ሲደጋገም ሥጋው ይመነምናል፤ ቁመቱም ይቆማል። ነገሩ የሚሄደው እንዲህ ደረጃ በደረጃ ነው።

ሦስተኛው ዓይን ነው። የሕፃን ሕመም ብዙ ጊዜ ዝም ያለ ነው። በአንድ ወቅት በሕፃናት ክፍላችን ጥሪ የማይመልስ፣ ሁልጊዜ ኋላ የሚቀመጥ የ4 ዓመት ልጅ ነበር። «እልኸኛ ነው» ተባለ። እናቱ በዐረብ አገር ናት፤ የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። ገንዘቡ በየወሩ ይመጣል፤ ልብሱም ከብዙዎቹ ልጆች የተሻለ ነው። ከሁለት የክፍሉ አገልጋዮች ጋር ወደ ቤታቸው ሄደን «እማማ፣ ልጁ ጆሮውን ያመዋል እንዴ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጄ፣ ጥርሱ ሲወጣ ነው ብለውኝ ተውኩት እንጂ መግል መፍሰስ ከጀመረ ዓመት አለፈው» አሉን። የክትባት ካርዱንም ስንጠይቃቸው የሟች ባለቤታቸውን ዳዊት ከራስጌ አውርደው ከመካከሉ አወጡልን። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ከዳዊቱ ጋር ይባረክ ብዬ ነው» አሉ። ካርዱ ከ14 ሳምንት በኋላ ባዶ ነበር።

እኚህ እናት ቸልተኛ ናቸው የሚል ካለ ይፍራ! በጉልበታቸው፣ በጸሎታቸውና በፍቅራቸው ያላቸውን ሁሉ ሰጥተዋል። ልጁ ያጣው ገንዘብ አልነበረም፤ ፍቅርም አልነበረም። ያጣው ካርዱን የሚያነብና «ይህ ፈሳሽ በሐኪም ይታይ» የሚል አንድ ተጨማሪ ዓይን ነው። እልኸኛ የተባለውም በሚገባ ስለማይሰማ ነው።

ተመራማሪዎችም ይህንኑ የሚያጠናክር ነገር አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ በአርሲ ገጠር የተካሄደ ጥናት አለ። የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአያቶች ርዳታና በሕፃናት ዕድገት መካከል ያለውን ግንኙነት መረመሩ። የእናት እናት እየመጣች ለልጇ የቤቱን ከባድ ሥራ ስታግዝ ሕፃናቱ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን አዩ። በጋምቢያ ገጠር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ሌላ ጥናትም የእናት እናት መኖር ለሕፃናት ምግብና ሕይወት እንደሚጠቅም አሳይቷል። አያቲቱ የምታደርገው ተአምር አይደለም፤ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ሕፃን ትይዛለች። እናቲቱም ለሕፃኑ ጊዜ ታገኛለች።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ሕፃኑን የሚጠቅመው በቅጹ ላይ የሠፈረው ስም ብዛት ሳይሆን በእርግጥ የሚደርሱለት እጆች ብዛት ነው። አባት በስም ኖሮ ማታ ማታ ሰክሮ የሚገባበት፣ ገንዘቡ ጠጅ ቤት የሚቀርበት፣ እናት የምትደበደብበት ቤት በቅጹ ላይ ሁለት ስም አለው፤ ሕፃኑ ግን ከብቸኛዋ እናት ልጅ ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። ይህን የምለው ጋብቻን ለማቃለል አይደለም። ጋብቻ ቅዱስ ነው፤ ሁለት እጅ የነበረው ሸክም አራት እጅ ሲያገኝ ይቀልላልና እግዚአብሔር አዳምን ብቻውን ይኖር ዘንድ አልወደደም። በተለይ እኛ ወንዶች ወጣቶች ይህን እናስብ። ወልዶ መሸሽ በቤተ ክርስቲያን ፊት ኃጢአት ነው፤ በሀገሪቱም የቤተሰብ ሕግ ቢሆን አባት ለልጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት። ለ1000 ቀን የተተወ ልጅ በ1001ኛው ቀን ስጦታ ይዞ በመምጣት አይካስም።

ታዲያ ቤቱ ለጎደለበት ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ምን አላት? ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከጥንት ጀምሮ ያላት ግን እኛ የረሳነው ሥርዓት አለ፤ እርሱም የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ነው።

ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ ለወንዱ ወንድ፣ ለሴቷ ሴት ክርስትና ያነሣል። ይህ ሰው በሥጋ ሳይወልድ በመንፈስ ወላጅ ይሆናል፤ ዝምድናውም ጋብቻን እስከ መከልከል የጸና ነው። ማንም ሕፃን፣ የባለጸጋም ይሁን የድኻ፣ አባቱ ይኑርም አይኑርም፣ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ተጨማሪ ወላጅ ሳይቀበል አይወጣም። ይህ እንዴት ያለ ጥበብ ነው! እኛ ግን ምን አደረግነው? የአንድ ቀን ሥነ ሥርዓት። ነጭ ልብስ እንገዛለን፣ ጧፍ እንይዛለን፣ ከድግሱ እንበላለን፣ ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ከዚያ በኋላ ልጁን በመንገድ ብናገኘው አናውቀውም። ከእኛም መካከል ገና በ20 ዓመታችን የሁለትና የሦስት ልጆች ክርስትና ያነሣን አለን።

ቀኑን ቁጠሩት። የመጀመሪያው የ6 ሳምንት ክትባት የሚሰጠው በ42ኛው ቀን ነው። ወንዱ ልጅ ክርስትና በተነሣ በ2ኛው ቀን ማለት ነው! ሴቷ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የ10 ሳምንቱ ካለፈ 10 ቀን ሆኖታል፤ የ14 ሳምንቱ ሊደርስ 18 ቀን ይቀረዋል። እንግዲህ የክርስትና አባት የሚሾመው 1000ው ቀን ከማለቁ ከብዙ ጊዜ በፊት፣ ርዳታው ገና በሚጠቅምበት ሰዓት ነው። የትምህርት ቤቱ ቅጽ እስኪመጣ ድረስ 4 ዓመት ለምን እንጠብቃለን?

ስለዚህ ክርስትና ያነሣን ሁሉ ሦስት ነገር እንድናደርግ አሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ/ ካርዱን እንጠይቅ። ቀጠሮውን በደብተራችን እንጻፍ። እናቲቱ ሥራ ካለባት «እኔ ልውሰደው» እንበል። የጠፋ ካርድ ካለ በየቀበሌው የሚዞሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወይም ጤና ጣቢያውን እንጠይቅ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ፣ ከ2 ዓመቱ ጀምሮ ደግሞ የአንጀት ትል መድኃኒት እንደሚሰጠው እናስታውስ።

2ኛ/ ልኩን እንወቅ። የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐና ልጇን በሴሎ ለቤተ መቅደስ ሰጥታ በሩቅ ሳለች በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት እንደ ነበር ተጽፏል። መደረቢያ የሚሠራ ሰው የልጁን ቁመት ማወቅ አለበት። በዓመት አንድ ጊዜ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ልብስ የምንገዛ ከሆነ የአምናው ልብስ ዘንድሮ ካልጠበበው ደስ አይበለን፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደን እናስመዝነው። በዓይኑ ያያል? ሲጠሩት ይሰማል? ጥርሱ ጤነኛ ነው? ብለን እንመልከት።

3ኛ/ ስማችንን እናጽፍ። ትምህርት ቤት ሲገባ ለድንገተኛ ነገር የሚጠራ ሰው ይጠየቃል። ብዙ እናቶች በዚያ ቦታ የሚጽፉት ሰው አጥተው የራሳቸውን ስም ይደግማሉ። እዚያ ላይ የክርስትና አባቱ ወይም የክርስትና እናቱ ስም ይጻፍ። ሲጠሩንም እንሂድ።

«እኛ ተማሪዎች ነን፤ የራሳችንን ደብተር የሚገዙልን ወላጆቻችን ናቸው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ከላይ ከተዘረዘሩት ሥራዎች አብዛኛው ገንዘብ አይፈልግም፤ የሚፈልገው አንድ የቅዳሜ ጠዋት ነው። ማንበብ እንችላለን፤ እግራችን ብርቱ ነው፤ ተራ ለመጠበቅም ዕድሜያችን ይፈቅዳል። አያቲቱ ያጡት እኮ ይህን ነው። አባቶችስ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይሉ የለም? የሕፃናት ክፍላችን አገልጋዮችም በእያንዳንዱ ልጅ ስም ትይዩ የክርስትና ወላጁን ስም ቢጽፉ ማን እንደ ጠፋ ይታወቅ ነበር። የክርስትና ወላጁ የሞተበት ወይም ወደ ሩቅ አገር የሄደበት ልጅ ሲገኝ ከእኛ አንዱ እንደ ታላቅ ወንድም ወይም እንደ ታላቅ እኅት ይያዘው።

በመጨረሻም ጌታችን ራሱ ያደገበትን ቤት እናስብ። ጻድቁ አረጋዊ ዮሴፍ በሥጋ አባቱ አልነበረም፤ ጠባቂው ነበር። ነገር ግን ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በፈለገ ጊዜ በሌሊት ተነሥቶ እናቱንና ሕፃኑን ይዞ ወደ ግብጽ የተሰደደ እርሱ ነው። ሰሎሜም በመንገዱ አብራ ደክማለች። ወንጌላዊው ሉቃስም ሕፃኑ በጥበብና በቁመት እያደገ እንደ ሄደ ሲነግረን ቁመቱን ሳይጠቅስ አላለፈም። ሰው የሆነ አምላክ ቁመቱ እንኳ በወንጌል ከተጻፈ የእርሱ ታናናሾች የሆኑት ሕፃናት ቁመት እንዴት የእኛ ጉዳይ አይሆንም?

በሚመጣው መስከረም ሕፃናቱ በር ላይ ሲቆሙ ከእያንዳንዱ ኋላ ማን እንዳለ ይታያል። ዮሴፍ በሥጋ አባቱ ሳይሆን የአባትን ሥራ ሠርቷል። እኛም በዚያ ቤተ መቅደስ እንደ ተጨነቀው እንደ ካህኑ ዘካርያስ አስቀድመን እንጨነቅ፤ የጀመርነውን ክርስትናም እንፈጽመው።

የእናቶችን ድካም የሚያይ አምላክ፣ ለሕፃናቱ ጤናንና ዕድገትን፣ ለእኛም የተቀበልነውን አደራ የምንወጣበትን ልብ ይስጠን። የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።